በጥርሴ የቆረጥኩት ክር

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ዛሬ ናሙና ሰጠሁ። ቀጭኑን ዘንግ በአፍንጫዬ አስገብተው ሲያዞሩት ዓይኔ በእንባ ሞላ። ነርሷ «አለቀ፣ አለቀ» አለችኝ፤ ገና መጀመሯ ነበር።

አሁን ያለሁት ለይቶ ማቆያ በተደረገ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በክፍሉ ሁለት አልጋ ብቻ ተዘርግቷል፤ ዴስኮቹ በሙሉ ወደ ኮሪደር ወጥተው ተደራርበዋል። የምጽፍበት ደብተር የደንበኞቼን ልክ የምመዘግብበት ነው። ከፊት የወገብ፣ የትከሻና የእጅጌ ልክ አለበት፤ እኔ ከኋላ ጀምሬያለሁ።

የሆነውን በቅደም ተከተል ላስፍር። ጋሽ ላምቤቦ ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔ ልብስ በምሰፋበት በረንዳ ላይ ከጎኔ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። «ቅደም ተከተል የሌለው ጽሑፍ ዳኛው ይቅርና ጸሐፊውንም አይገባውም» ይላሉ። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ላቆመ ሰው ከእሳቸው የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ባለፈው ረቡዕ አንድ ሹፌር ከመናኸሪያው ወደ በረንዳዬ መጣ። የሱሪው ዚፕ ተበላሽቶበታል። ሌላ ሱሪ ስላልያዘ የእኔን ጋቢ አገልድሞ ከጎኔ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ዚፑን ቀይሬ እስክጨርስ ግማሽ ሰዓት ያህል አወጋኝ። ከአዲስ አበባ ግማሽ ሰው ብቻ ጭኖ መምጣቱን፣ ባዶ ወንበር ሲያይ ሆዱ እንደሚባባ ነገረኝ። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶት ነበር። እኔም የራሴን እንደዚያው።

ትናንት ሹፌሩ ቫይረሱ ተገኝቶበታል ተባለ። ዛሬ ጠዋት ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች በረንዳው ድረስ መጥተው «ደሳለኝ የሚባለው አንተ ነህ?» አሉኝ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ተመለከተኝ። ጋሽ ላምቤቦ ያን ረቡዕ ለለቅሶ ዳምቦያ ሄደው ስለነበር ከዚህ ተርፈዋል። አከራዬ እማማ ድንቅነሽ ግን ከግቢያቸው እንዳይወጡ ተነግሯቸዋል።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦
እማማ ድንቅነሽ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አስም አለባቸው።
እናቴ። ያለችው ጋይንት ነው። አልነገርኳትም። ብነግራት መንገድ ዝግ መሆኑን ረስታ በእግሯ ትነሣለች።
ጉሮሮዬ። በእርግጥ ይከረክረኛል ወይስ ስለማስበው ነው?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ሽታ መጥፋት አንዱ ምልክት ነው ስለተባለ ገና ስነቃ ሳሙና አሸተትኩ። ሸተተኝ። ሙቀቴም ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት ሆነ። ሁለት ድል ከቁርስ በፊት።

ክፍሉን የምጋራው ከመምህር ዮናስ ጋር ነው። የሀደሮ ሰው ናቸው፤ ሒሳብ ያስተምራሉ። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አብሯቸው የተሳፈረ ሰው ስለታመመ ነው የገቡት። አልጋዎቻችን በክፍሉ ሁለት ጫፍ ስለሆኑ የምንነጋገረው ወንዝ ማዶና ማዶ እንደቆመ ሰው ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሳይጠፋ የቀረ የክፍልፋይ ጥያቄ አለ፤ መልሱ አልተጻፈም። መምህር ዮናስ ሲተኙም ሲነሡም ያዩታል። «ጠመኔ ሰጥተው ቢዘጉብኝ ምን ነበረበት» ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ የሸሚዛቸው ቁልፍ ወደቀ። እኔ ከነክሩ መርፌ ከኮሌታዬ ሥር አይጠፋም። ሸሚዙን ወንበር ላይ አድርገው ራቅ አሉ፤ አነሣሁና ቁልፉን ተከልኩ። ሲያልቅ ክሩን እንደ ልማዴ ወደ አፌ አስጠግቼ በጥርሴ ቆረጥኩት።

መምህር ዮናስ ከጥጋቸው ሆነው አዩኝ።

«ደሳለኝ፣ አሁን ያደረግኸው ምንድን ነው?»

«ቁልፉን ተከልኩልዎ።»

«ሳምከው እኮ። መንግሥት አልጋችንን በሜትር ለክቶ ያራራቀው አንተ ቁልፌን እንድትስም ነው?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን መሐል ላይ ቆመ።

ማስኮቹ ትዝ አሉኝ።

ሐሙስና ዓርብ ሠላሳ ስድስት ማስክ ሰፍቻለሁ። የእማማ ድንቅነሽ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት ለሰፈሩ አረጋውያን ያሰፋቸው ናቸው። የእያንዳንዱ ማስክ ላስቲክ አራት ጥግ ላይ ይያያዛል፤ አራቱንም ቦታ ክሩን በጥርሴ ነው የቆረጥኩት። መቀሱ ጭኔ ላይ ነበር። ነገር ግን መርካቶ ሥራ ያስተማሩኝ ሰው «መቀስ የሚያነሣና የሚያስቀምጥ ልብስ ሰፊ ግማሽ ቀኑን የሚሰፋው አየር ነው» ይሉ ስለነበር ጥርሴ ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ሹፌሩ ከጎኔ የተቀመጠው ረቡዕ ነው። መስፋት የጀመርኩት ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ለየቤቱ ታደለ።

ከሠላሳ ስድስቱ አንዱ እማማ ድንቅነሽ አፍ ላይ ነው።

ናሙና በሰጠሁ ዕለት ማንን አግኝተሃል ብለው ጠይቀውኝ የሦስት ሰው ስም አስመዘገብኩ። ስለ ጥርሴ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አላሰብኩትም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

ሳሙናው ሸቶኛል። ውጤት ግን አልመጣም። ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ ስለሚላክ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ «ነገ ወይም ከነገ ወዲያ» ነው።

መናገር አለብኝ። አለመናገር የምፈልግበትንም ምክንያት እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ የማሳየው ሰው የለኝምና። እኔ ለዚህ ከተማ መጤ ነኝ። ሦስት ዓመት በበረንዳ ሠርቼ ያፈራሁት ሀብት ቢኖር ሰው ልብሱን አውልቆ አምኖ የሚሰጠኝ መሆኑ ነው። «ያ ከሰሜን የመጣው ልብስ ሰፊ ሽማግሌዎቻችንን በምራቁ በሽታ አስያዘ» ከተባለ ማን ወንበሬ ላይ ይቀመጥልኛል? ሀዲይኛ የማውቀው ሰላምታና የወገብ ልክ ለመጠየቅ የሚበቃኝን ያህል ነው። ራሴን በምን ቋንቋ እከላከላለሁ?

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ እማማ ድንቅነሽ ጋ ደወልኩ። ከመጥሪያው በፊት እጃችንን እንድንታጠብ የሚያሳስበውን መልእክት እስከ መጨረሻው አደመጥኩ። ዛሬ አጭር መሰለኝ።

«ቆጮው ደረሰህ?» አሉኝ ገና ሲያነሡት። ምሳዬን በየቀኑ በጎረቤት እጅ እስከ በሩ ይልኩልኛል።

«ደርሶኛል፣ እማማ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጎመኑ በዘይት ነው። ቅቤ አልነካውም፤ ጾምህን አውቃለሁ።»

«አውቄአለሁ።»

«ግን ጎመኑን አልበላኸውም።»

«በልቻለሁ።»

«አልበላኸውም። ጎመን ስትተው ድምፅህ ይታወቃል።»

እሳቸው የሰኔን ጾም አይጾሙም፤ በእምነታቸው የለም። የእኔን ቀን ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይቆጥሩታል። እንደ ምንም ደፍሬ ስለ ማስኩ ጠየቅኋቸው፤ ያደርጉታል ወይ ብዬ።

«አላወልቀውም» አሉ። «ጎረቤቴ በአጥር ላይ አይታኝ፣ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ለማን ነው የምታደርጊው አለችኝ። ልጄ የሰፋውን አውልቄ ሌላ ምን ላድርግ አልኳት።»

ነገሩ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «በደንብ ይጠቡት» ብቻ አልኩ።

«ምን ቆሽሾ» አሉና ዘጉት።

መምህር ዮናስ ሁሉንም ሰምተዋል፤ በዚህ ክፍል ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ነገርኳቸው። ሰሌዳውን ተመለከቱ።

«የምትፈራው ለእሳቸው ነው ወይስ ለወንበርህ?» አሉኝ።

«ለሁለቱም» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

«ጥሩ። ለሁለቱም ፍራ፤ ማን ከለከለህ። ነገር ግን መጀመሪያ መሞት ለሚችለው ፍራ። ወንበር አይሞትም።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

ዛሬ ሙቀት ልትለካ የመጣችው ሲስተር ማርታ ናት፤ ሰኞ ናሙና የወሰደችብኝ። ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ቁጣዋ ከዓይኗ ቢታየኝም ከአፏ አልወጣም።

«ክር በጥርስ» አለች፤ እንደ መጠየቅም እንደ መመዝገብም አድርጋ። «ታዲያ ይህን ዛሬ ነው የምትነግረኝ?»

«ትላንትም ከትላንት ወዲያም ፈርቼ ነበር።»

ማስኮቹ በሳሙና ታጥበው በፈላ ውሃ ቢቀቀሉ እንደሚበቃ ነገረችኝ። የተጠቀሙባቸው ሰዎች ሳልና ትኩሳት ከተሰማቸው ወዲያው ይናገሩ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከፈለግሁ ስሜ ሳይጠራ ማስነገር እንደምትችል ጨመረች።

ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን አይሆንም። በከተማው ማስክ የማይሰፋ ልብስ ሰፊ የለም። የእኔ ስም ካልተጠራ አንዲት አሮጊት የያዘችው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለች? ሁሉም የሌላው ነው ብሎ ይተወዋል። ስሜ መጠራት አለበት።

ጋሽ ላምቤቦ ጋ ደወልኩ። እሳቸው የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ናቸው፤ የሴቶቹ ኅብረት ማስኩን ያደለውም በዕድሩ ስም ዝርዝር ነው። ሰምተው ሲያበቁ ለጥቂት ጊዜ የብዕራቸው ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኝ ነበር።

«እንዲህ ብዬ ልጽፈው ነው፤ ስማ» አሉ። «‹ልብስ ሰፊው ደሳለኝ የሰፋቸውን ማስኮች የወሰዳችሁ አባላት፣ ማስኮቹን ዛሬውኑ በሳሙና አጥባችሁ እንድትቀቅሉ በትሕትና ያሳስባል።› ‹ያሳስባል› ይሻልሃል ‹ይለምናል›?»

«ይለምናል።»

«ይለምናል ይሁን። ነገ ማለዳ በዕድሩ ጡሩንባ አስነግረዋለሁ። ከቁርስ በፊት ያልሰማ ቤት አይኖርም።»

ቀለለኝ። ምሳ በላሁ፤ ጎመኑንም ጭምር።

ዓርብ፣ ሰኔ 12

ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ላምቤቦ ደወሉ።

«ደሳለኝ፣ አለህ?»

«አለሁ፣ ጋሼ።»

«መኖርህንማ አውቃለሁ። ሰው ተሰብስቦ ስለሆነ ነው። ድምፅህን ይስሙልኝ። እስቲ አንድ ነገር ተናገር።»

«ምን ልበል?»

«በቃ። ሰምታችኋል?» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም። በስተጀርባቸው የብዙ ሰው ጉምጉምታ ተሰማኝ።

የሆነውን ከዚያ በኋላ በቅደም ተከተል ነገሩኝ። የዕድሩ ጡሩንባ የሚነፋው ለሞት ብቻ ነው። ሌላ ጉዳይ በስብሰባ ነው የሚነገረው፤ ስብሰባ ደግሞ ከተከለከለ ሰንብቷል። ጋሽ ላምቤቦ ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። በሀሳባቸው የነበረው ማስኩ ብቻ ነው። ጡሩንባ ነፊው እንደ ሁልጊዜው ማዕዘን ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ነፋ፤ «ልብስ ሰፊው ደሳለኝ» ሲል የሰማ ሁሉ የቀረውን ለመስማት አልቆመም። ለይቶ ማቆያ መግባቴን የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ እማማ ድንቅነሽ አጥር ሄደ።

እማማ ድንቅነሽ ጩኸት ሰምተው በሩን ከፈቱ። መንገዱ ላይ ሰው በዝቷል፤ ሁሉም ማስክ አድርጎ፣ አንዱ ከሌላው ርቆ ቆሟል። ለቅሶ እንኳ በርቀት ነው። «ማነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ። አንዲት ሴት «ልጅሽ ነው» አለቻቸው።

 «ከዚያስ?» አልኳቸው።

እማማ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው አጠረ። ጎረቤታቸው ገብታ የአስም መድኃኒታቸውን አምጥታ ሰጠቻቸው። ሦስት ጊዜ ከሳቡ በኋላ አንገታቸውን ቀና አድርገው ለተሰበሰበው ሰው እንዲህ አሉ፤ «ትናንት የላክሁለትን ሣህን ጎረቤቴ መልሳልኛለች። ጎመኑን ሙልጭ አድርጎ በልቶታል። ሊሞት ያለ ሰው እንዲህ አይበላም።» ጋሽ ላምቤቦ እየሮጡ የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ «ይለምናል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብበው ለሕዝቡ አሰሙ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅም ክሩን በጥርሴ መቁረጤን ተናገሩ።

«ተቆጡ?» አልኩ።

«ማን?»

«ሰዎቹ። በጥርሴ መቁረጤን ሲሰሙ።»

«አንዳንዱ ተቆጣ። ምን ትፈልጋለህ፣ እንዲያጨበጭቡልህ? አንዱ ሽማግሌ፣ እኔ ጥርስ የለኝም፣ ቢያንስ የእሱ ጥርስ አገለገለኝ አለ። ከዚያ ሁሉም ድስቱን ሊጥድ ሄደ።»

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበርና ጠየቅኋቸው። እኔ የዕድሩ አባል አይደለሁም። አባል ላልሆነ፣ ወይም የአባል ቤተሰብ ላልሆነ ሰው ጡሩንባ አይነፋም። ሕዝቡ ስሜን ሲሰማ እንዴት አመነ?

«እኔም ይህንኑ ብዬ መዝገቡን ገለጥኩት» አሉ። «በወይዘሮ ድንቅነሽ ቤተሰብ ሥር ደቡብ አፍሪካ ያሉት ሁለት ልጆቻቸው አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ሦስተኛው አንተ ነህ። ከጻፍኩት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የእኔው የእጅ ጽሑፍ። ሴቲቱ መጥተው አስመዘገቡህ፤ እኔ ረሳሁት፤ እሳቸው ደግሞ ምን የሚነገር ነገር አለው ብለው ዝም አሉ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መምህር ዮናስ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። እሳቸውም አልደገሙትም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተኙ መሰሉልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ስልክ። የሴቶቹ ኅብረት አባላት በየመንገዱ እየዞሩ ተቀቅለው በአጥር ላይ እንዲደርቁ የተሰጡትን ማስኮች ቆጥረዋል። ሠላሳ አምስት። አንዱ አልተገኘም። «እናገኘዋለን» አሉ ጋሽ ላምቤቦ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13

ሳሙና አሸተትኩ። ሸተተኝ። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ አሸተትኩ፤ ያነሰ መሰለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር መምህር ዮናስ ሳሙናውን ወሰዱብኝ።

ውጤት የለም። ሲስተር ማርታም የለችም፤ ተረኛው ሌላ ሰው ነው፤ ምንም አያውቅም።

ስለ ሠላሳ ስድስተኛው ማስክ አስባለሁ። ማን ይሆን? ጆሯቸው የማይሰማ ሽማግሌ ቢሆኑስ? ጡሩንባውንም ያልሰሙ፣ ጎረቤትም የሌላቸው። አሁን በዚህች ሰዓት አድርገውት ይሆናል። እኔ እዚህ ተቀምጬ ሙቀቴን እለካለሁ፤ እሳቸው እዚያ በእኔ ክር ውስጥ ይተነፍሳሉ። ጋሽ ላምቤቦ ዛሬ ሁለት ጊዜ ደውለው አላገኘነውም አሉኝ። እማማ ድንቅነሽ ደግሞ ስልክ አያነሡም። ከትላንቱ ድንጋጤ በኋላ አረፍ ብለው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልተጽናናሁም።

በመዝገቡ ላይ ስለ መጻፌም አስባለሁ። ቤት ስከራይ እማማ ድንቅነሽ ክፍሉን ሲያሳዩኝ «ዝናብ በዚህ በኩል ያስገባል» ብቻ ነበር ያሉኝ። አስተዋውቀውኝም አያውቁም። ለሰው ሲነግሩ «የጓሮው ልጅ» ነው የሚሉኝ። እኔም አከራይ አድርጌ ነው የማያቸው እል ነበር፤ ነገር ግን ሐሰት ነው። አከራይ ጎመን በልተሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

አንድ መልካም ነገር፦ መምህር ዮናስ በወሰዱብኝ ሳሙና ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የክፍልፋዩን መልስ ጻፉ። ደብዛዛ ቢሆንም ይነበባል። አንድ ሦስተኛ። ወደ ኋላ ሄደው እያዩት፣ «በል አሁን ምንም ይምጣ» አሉ።

እሑድ፣ ሰኔ 14

ውጤቱ መጣ።

ሲስተር ማርታ በሩ ላይ ቆማ ከወረቀት አነበበች። መጀመሪያ የመምህር ዮናስን፤ ነፃ። ከዚያ የእኔን ስም ከነአባቴ ስም አነበበችና ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረችው። ያ ጊዜ ምን ያህል እንደረዘመ መጻፍ አልችልም። «ነፃ» አለች። «እስከ ረቡዕ ግን ትቆያላችሁ። አሥራ አራቱ ቀን መሙላት አለበት።» ስትወጣ ዞር ብላ «መቀስ ግዛ» አለችኝ።

መቀስ አለኝ። 

መምህር ዮናስ በጉልበታቸው ተንበርክከው በከምባትኛ ጸለዩ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አማተብኩ። ከዚያ በክፍሉ ሁለት ጫፍ ቆመን፣ ሁለታችንም ነፃ መሆናችንን እያወቅን፣ ለመጨባበጥ ግን ሁለታችንም አልደፈርንም። ከሩቅ እጃችንን አነሣንና ተመልሰን በየአልጋችን ተቀመጥን።

ወደ እማማ ድንቅነሽ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሡት።

«ነፃ ነኝ፣ እማማ። የለብኝም።»

በሀዲይኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ቃሉ ባይገባኝም የሚናገሩት ለእኔ እንዳልሆነ ከድምፃቸው አወቅሁ። ጠበቅኋቸው። ሲጨርሱ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«እንግዲህ አሁን አጥበዋለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ማስኩን ነዋ።»

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ ከአልጋው ተነሣሁ።

«ያልተገኘው እርስዎ ጋ ያለው ነው?»

«ታዲያ የት ይሄዳል?»

«ጋሽ ላምቤቦ ሲፈልጉት ሁለት ቀን ሆናቸው።»

«በአጥሩ ላይ ይቆጥሩ ነበር። እኔ አጥሩ ላይ አላሰጣሁም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሁሉም ሲቀቅል እኔም ድስት ጥጄ ነበር። ውሃው ከፈላ በኋላ ተውኩት። ሰው ሁሉ ሞተ ብሎ በሬ ላይ አለቀሰብህ። እኔም ተነሥቼ የሰፋልኝን ልቀቅል? ያን ካደረግሁ ታሟል ብዬ አመንኩ ማለት ነው። አላመንኩም። አድርጌው ሰነበትኩ።»

ተቆጣኋቸው። ትልቅ ሰው ተቆጥቼ አላውቅም። አስም እያለብዎ አልኩ፣ ዕድሜዎ ስንት ሆነና ነው አልኩ፣ ሌሊቱን ሁሉ የማን አፍ ላይ ይሆን እያልኩ ስገላበጥ ያደርሁት ለእርስዎ ነው አልኩ፣ ብታመም ኖሮ ምን ልሆን ነበር አልኩ። የመጨረሻውን ስናገር ድምፄ ተሰበረ፤ መምህር ዮናስም ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ፤ ክር የሌለው ጫማ ነው።

እማማ ድንቅነሽ እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ተቆጣኝ» አሉ፤ ከጎረቤታቸው ጋር እንደሚነጋገሩ ሁሉ። «ልክ እንደ ወንድሞቹ።»

ሳቁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግሁት። ሳቃቸው መጀመሪያ ከሆዳቸው ተነሣ፣ ወደ ደረታቸው መጣ፣ ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ሳል ይከተለው እንደሆነ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። አልተከተለውም። ሳቃቸው ብቻ ነበር፤ ከዚያም ንጹሕ ትንፋሽ፤ ከዚያም ረቡዕ ስመጣ ምን መብላት እንደምፈልግ ጠየቁኝ።